የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለካሜራ ፍላሽ የሚሆነው ድንጋይ የትኛው ነው?

ሰሞኑን ከደረሱን የፎቶግራፍ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በካሜራ አናት ላይ ስለሚሰካው ፍላሽና ስለ ድንጋዩ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። ፍላሼ አራት ደብል ኤ ድንጋይ የሚጎርሰው ጎዶክስ ቲቲ685 ነው። ከሱቅ የምገዛው አልካላይን ድንጋይ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይሠራል። ሃምሳ ስልሳ ፎቶ ካነሳሁ በኋላ ግን ፍላሹ ለመሙላት ይቆይና ቀለበት ሲደረግ፣ ኬክ ሲቆረስ ያመልጠኛል። አለቀ ብዬ ያወጣሁትን ድንጋይ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ ስከተው ግን ለወራት ይሠራል። ካለቀ ሰዓቱን እንዴት ያንቀሳቅሳል? ካላለቀስ ፍላሹ ለምን ይለግማል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ድንጋዩ አላለቀም። ፍላሹ በሚፈልገው ፍጥነት መስጠት አቅቶት ነው። የግድግዳ ሰዓት የሚወስደው ከአንድ ሺህኛ አምፔር በታች ስለሆነ የደከመ ድንጋይም ይበቃዋል። ፍላሽ ግን ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ዕቃ) እስከ 300 ቮልት ገደማ ይሞላል፣ ሲተኩስ ያንን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል፣ ከዚያ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ እንደገና መሙላት አለበት። በዚያች ጊዜ ከድንጋዮቹ 5 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል።

ድንጋይ ሁሉ በውስጡ ኤሌክትሪክ እንዳይወጣ የሚይዝ ተቃውሞ አለው። የአዲስ አልካላይን ደብል ኤ የውስጥ ተቃውሞ ከ0.15 እስከ 0.3 ኦም ይደርሳል፤ እያለቀ ሲሄድ ደግሞ ይጨምራል። ዝቅተኛውን ብንወስድ እንኳ አራቱ ተያይዘው 0.6 ኦም ይሆናሉ። 5 አምፔር ሲሳብባቸው 3 ቮልት እዚያው ውስጣቸው ይቀራል። ከተጻፈው 6 ቮልት ፍላሹ የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ሲሆን ሌላው ግማሽ ድንጋዩን ያሞቃል። ሲያወጡት እጅ የሚፈጀው ለዚህ ነው።

ቻርጅ የሚደረገው የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ የተጻፈበት 1.2 ቮልት ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ደካማ ይመስለዋል። የውስጥ ተቃውሞው ግን ወደ 0.025 ኦም ገደማ ነው። አራቱ 4.8 ቮልት ይዘው ይነሳሉ፣ በዚያው 5 አምፔር የሚያጡት ግማሽ ቮልት ብቻ ነው፣ 4.3 ቮልቱ ፍላሹ ይደርሳል። በወረቀት ላይ ያነሰው በሥራ ላይ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ኒከን ለኤስቢ-910 ፍላሽ ያወጣው መረጃ ይህንኑ ያሳያል። በሙሉ ኃይል ሲተኮስ በአልካላይን የመሙያ ጊዜው 4 ሰከንድ ነው፣ 110 ጊዜ ያህል ይተኩሳል። በኒኬል ሜታል ሃይድራይድ 2.3 ሰከንድ፣ 190 ጊዜ። በማይሞላው የሊቲየም ድንጋይ 4.5 ሰከንድ፣ 230 ጊዜ። ሊቲየሙ ብዙ ጊዜ ቢተኩስም ከሁሉ የዘገየ መሆኑን ልብ ይበሉ። ለሠርግ የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው።

ስለዚህ ለአንድ ፍላሽ ኃይሉ በቶሎ የማይተን ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ፣ ለምሳሌ ኢኔሉፕ የተባለውን የፓናሶኒክ ነጭ ድንጋይ፣ 12 ፍሬ ይግዙ። አራቱ ፍላሹ ውስጥ፣ አራቱ ኪስ ውስጥ፣ አራቱ ቦርሳ ውስጥ። አልካላይኑን ለመጠባበቂያ ይያዙት። በሬዲዮና በእጅ ባትሪ የምንጠቀምበት ተራው የዚንክ ካርቦን ድንጋይ ግን ለፍላሽ ጨርሶ አይሆንም፤ ጥቂት ጊዜ ተኩሶ ይዝላል።

ከድንጋዩ ሌላ ሦስት ነገር ያስተካክሉ። አንደኛ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን መጠን) ከ400 ወደ 1600 ቢያሳድጉት ለተመሳሳይ ብርሃን ፍላሹ የሚያስፈልገው ኃይል ሩብ ይሆናል፤ ያው ድንጋይ አራት እጥፍ ያህል ይተኩሳል፣ የመሙያ ጊዜውም በዚያው ልክ ያጥራል። ዛሬ ያሉት ካሜራዎች በ1600 የሚያሳፍር ፎቶ አያወጡም። ሁለተኛ፣ ፍላሹን ወደ ላይ አዙሮ ማንጸባረቅ ጥሩ የሚሆነው ጣሪያው ነጭና ዝቅ ያለ ሲሆን ነው። በድንኳን ውስጥ ወይም ጣሪያው ከፍ ባለ አዳራሽ ብርሃኑ እዚያው ላይ ይቀራል፤ ቲቲኤሉ (የፍላሹን ኃይል በራሱ የሚወስነው አሠራር) ደግሞ ጉድለቱን ለመሙላት በየጊዜው ሙሉ ኃይል ይተኩሳል። ሃይ ስፒድ ሲንክም (ፍላሹን ከፈጣን ሹተር ጋር የሚያሠራው) በስሕተት በርቶ እንዳይቀር ያረጋግጡ፤ ድንጋይ ይበላል። ሦስተኛ፣ በብዙ ፍላሾች ላይ ዝግጁ መሆኑን የሚያሳየው መብራት የሚበራው ካፓሲተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይሞላ ነው። እንደበራ ወዲያው ከተኮሱ ፎቶው ይጨልማል። ሙሉ ኃይል የሚፈልግ ፎቶ ከሆነ አንድ ሁለት ሰከንድ ይጨምሩለት።

ጥያቄ፦ ገበያ ላይ 4000 ሚሊአምፔር ሰዓት የተጻፈበት ቻርጅ የሚደረግ ደብል ኤ በርካሽ አገኘሁ። ኢኔሉፕ የሚባለው ውድ ሆኖ 2000 ብቻ ነው። እጥፍ ያለውን መግዛት አይሻልም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ 4000 የተጻፈበትን ትተው ይለፉ። በደብል ኤ መጠን የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ ዛሬ ባለው ቴክኖሎጂ የሚይዘው ከፍተኛው 2700 ወይም 2800 ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የተጻፈ ሁሉ የአታሚ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜም ውስጡ ያለው ከ1000 አይበልጥም።

ሳይገዙ መለየት ይቻላል፦ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። ነጩ ኢኔሉፕ 27 ግራም ያህል፣ ጥቁሩ ኢኔሉፕ ፕሮ 30 ግራም ያህል ይመዝናል። በዚህ ቴክኖሎጂ ኃይል የሚይዘው ብረቱ ስለሆነ 15 ወይም 18 ግራም የሚመዝን ድንጋይ 4000 ቀርቶ 2000ም ሊይዝ አይችልም። የወርቅ ቤት ሚዛን ቢያገኙ ጥሩ ነው፤ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛንም አራቱን አንድ ላይ አድርጎ ለመለካት ይበቃል። ታዋቂ ስም ያለውንም ቢሆን ይመዝኑት፤ ኢኔሉፕን አስመስለው የሚሠሩ አሉ።

ነጩና ጥቁሩ ኢኔሉፕ የቱ ይሻላል ለሚሉት፣ እኛ ለፍላሽ ነጩን እንመርጣለን። ጥቁሩ 2500 ይይዛል፣ ነገር ግን አምራቹ ፓናሶኒክ የሚሰጠው የቻርጅ ዕድሜ 500 ጊዜ ነው። የነጩ እስከ 2100 ይደርሳል። ያለሥራ ሲቀመጥም ነጩ የተሻለ ኃይሉን ይጠብቃል። በየሳምንቱ ሞልቶ ባዶ ለሚያደርግ ሰው በአንድ ዙር የሚገኘው ትርፍ ተኩስ የዕድሜውን ኪሳራ አያካክስም። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በዓረብ አገሮች ዘመድ ያለው ደግሞ አይኪያ መደብር ውስጥ ላዳ የሚባለውን ባለ 2450 ድንጋይ ያስገዛ፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ሲሆን ጃፓን ሠራሽ የሆነው ጥሩ ነው።

ኢኔሉፕን መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2005 ገበያ ላይ ያዋለው ሳንዮ የተባለው ኩባንያ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የኒኬል ድንጋዮች ሞልተው ቢቀመጡ በወር ውስጥ ሩብ ያህል ኃይላቸው ይተን ነበር። «ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ሲፈልጉት ባዶ ነው» የሚለው የድሮ ፎቶ አንሺዎች ቅሬታ ከዚያ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ጎንደር ለሚሠራው ወንድሜ ጥሩ የሊቲየም ድንጋይ ልልክለት ፈልጌ ነበር። ሳይ ግን ሊቲየም የሚባለው ብዙ ዓይነት ነው። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ መልክና መጠናቸው አንድ የሆነ፣ ግብራቸው ግን የተለያየ ሦስት ዓይነቶች አሉ።

አንደኛው የማይሞላው ባለ 1.5 ቮልት ነው። ቀላል ነው፣ ብርድ አይበግረውም፣ ለዓመታት ተቀምጦ ኃይሉን አያጣም። ለሰሜን ተራሮች ሌሊት ጥሩ መጠባበቂያ ይሆናል። ነገር ግን ሲሞቅ ራሱን የሚገታ መከላከያ ውስጡ ስላለው ተከታትሎ ለሚተኩስ ሰው ይዘገያል። የአንዳንድ ካነን ፍላሾች መመሪያም በጣም ሊግል ስለሚችል እንዳይጠቀሙበት ያስጠነቅቃል። መጀመሪያ የወንድምዎን ፍላሽ መመሪያ ያስነብቡ።

ሁለተኛው 14500 ተብሎ የሚጠራው ባለ 3.7 ቮልት ነው። ልክ እንደ ደብል ኤ ይገባል፤ አደጋውም እሱ ነው። አራቱ ሞልተው ሲገቡ 6 ቮልት ለሚጠብቅ ፍላሽ ከ16 ቮልት በላይ ይልኩበታል። ፍላሹ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። በጭራሽ አይግዙ።

ሦስተኛው በስልክ ቻርጀር ገመድ የሚሞላው ባለ 1.5 ቮልት ነው። ውስጡ ያለው ባለ 3.7 ቮልት ሴል ሆኖ፣ አናቱ ላይ ያለች ጥቃቅን ሰርኪት ወደ 1.5 ትቀንሰዋለች። ለሪሞት፣ ለመጫወቻ፣ ለማይክሮፎን ይሁን። ፍላሽ በአንዴ የሚስበውን ያህል አምፔር ያቺ ሰርኪት አትችልም፤ ትግላለች ወይም ራሷን ትዘጋለች። ሌላም ጣጣ አለባት፦ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ 1.5 ቮልት እያሳየች ድንገት ታቆማለች። ኒኬሉ ግን የመሙያ ጊዜው እየረዘመ ሲሄድ «ልታልቅ ነው» ብሎ አስቀድሞ ይነግራል።

የሚልኩለት እንግዲህ 12 ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይና አንድ ደህና ቻርጀር ይሁን። ከቻርጀሩ ጀርባ በጥቃቅን የተጻፈውን ያንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካልሆነ አይግዙት። ለአሜሪካው 120 ቮልት ብቻ የተሠራ ቻርጀር አገር ቤት 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። የሶኬት መለወጫ ቮልት አይቀንስም፣ ጥርሱን ብቻ ነው የሚያስተካክለው። መንገደኛው ድንጋዮቹን ጫፋቸው እንዳይነካካ በፕላስቲክ ማቀፊያቸው አድርጎ በእጅ ሻንጣ ይያዛቸው። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ከገቡ ጫፍና ጫፋቸው ተገናኝቶ ያግላሉ።

ጥያቄ፦ ጥሩ የተባለውን ድንጋይ ገዛሁ፤ በስድስት ወር ደከመ። ቻርጀሩ ሁለት ሁለት ካልገባበት አይሠራም፣ መብራቱም አንድ ነው። ጥፋቱ የድንጋዩ ነው ወይስ የቻርጀሩ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የቻርጀሩ ነው ብለን እንገምታለን። ሁለት ሁለት የሚሞላ ቻርጀር ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥራል። አንዱ ግማሽ፣ ሌላው ባዶ ሆነው ከገቡ ግማሹ ሞልቶ እየተፈላ ባዶው ገና አልጠገበም። በየዙሩ ልዩነቱ ይሰፋል።

ከዚህም የባሰው በሰዓት ቆጣሪ ብቻ የሚሠራው ነው። ስድስት ወይም ስምንት ሰዓት ቆጥሮ ያቆማል፤ ድንጋዩ መሙላት አለመሙላቱን አያውቅም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል። በአንድ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ መብራት ከሄደና ከመጣ፣ የሞላ ድንጋይ እስከ ጠዋት ሲጠበስ ያድራል።

የሚያስፈልግዎ ለእያንዳንዱ ድንጋይ የየራሱ መስመርና የየራሱ መብራት ያለው፣ ሲሞላም የቮልቱን ትንሽ መውረድ ለይቶ የሚያቆም ቻርጀር ነው። የፓናሶኒክ ቢኪው-ሲሲ17 በዝግታ፣ 7 ሰዓት ገደማ ወስዶ ይሞላል፤ ቢኪው-ሲሲ55 ደግሞ በ3 ሰዓት ገደማ። ሁለቱም አንድ በአንድ ነው የሚሞሉት። ሌላ ስም ያለው ከሆነ የሚሰጠው መጠን ለአንድ ድንጋይ ከ500 እስከ 1000 ሚሊአምፔር መሆኑን ይመልከቱ። «በ15 ደቂቃ ይሞላል» የሚለውን አይመኑ፤ ይሞላ ይሆናል፣ የሚያስከፍለው ግን ከድንጋዩ ዕድሜ ነው። በመሙያው መጨረሻ ድንጋዩ ለብ ማለቱ ጤና ነው። መያዝ እስኪያቅት ከጋለ ግን አንድ ነገር ተበላሽቷል።

የደከሙትን ከመጣልዎ በፊት ይመርምሯቸው፤ ብዙ ጊዜ ከአራቱ የሞተው አንዱ ብቻ ነው። አራቱንም ሞልተው አንድ ሰዓት ያሳርፏቸው። ፍላሹን ወደ ማኑዋልና ወደ ሙሉ ኃይል አምጥተው ይተኩሱ፣ እስኪሞላ ሰከንድ ይቁጠሩ። ቲቲ685 በጥሩ ድንጋይ እስከ 2.6 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከ5 በላይ ከሄደ ድንጋዮቹን አውጥተው ወዲያው በቮልት መለኪያ አንድ በአንድ ይለኩ። ሦስቱ 1.25 አካባቢ ሆነው አንዱ 1.0 ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ጥፋተኛው እሱ ነው። ሳይተኩሱ መለካት ግን አያሳይም፤ ያረፈ ድንጋይ ቢታመምም 1.3 ሊያሳይ ይችላል።

የሞተውን በአዲስ መተካት ያጓጓል፤ አያድርጉት። የተረፉትን ሦስቱን ለሪሞትና ለሰዓት ይመድቧቸው። አራቱ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ ደካማው ቀድሞ ሲያልቅ ጠንካሮቹ ኃይላቸውን በግድ በእሱ ውስጥ ያሳልፋሉ፤ የመደመርና የመቀነስ ጫፉ ይገለበጣል፣ ያኔ አይድንም። አዲስ ከአሮጌ፣ አልካላይን ከኒኬል መቀላቀል የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በማይጠፋ ብዕር በእያንዳንዱ ላይ የአራት አራቱን ምድብ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ብለው ይጻፉና ምንጊዜም አራቱ አብረው ይግቡ፣ አብረው ይውጡ፣ አብረው ይሞሉ።

ጥያቄ፦ ቲቲ685ን ሸጬ የራሱ ሊቲየም ባትሪ ያለውን ቪ860 ሦስትን ልግዛ? (ከዱባይ)

መልስ፦ ሥራዎ ሠርግና ዝግጅት ከሆነ አዎ። ጎዶክስ ለዚህ ፍላሽ በቪቢ26 ባትሪ (7.2 ቮልት፣ 2600 ሚሊአምፔር ሰዓት) የሰጠው አኃዝ በሙሉ ኃይል 480 ጊዜ፣ የመሙያ ጊዜውም 1.5 ሰከንድ ነው። ለቲቲ685 በደብል ኤ የሚሰጠው 230 ጊዜና 2.6 ሰከንድ ነው። ሲገዙ ተጨማሪ አንድ ባትሪ አብረው ይግዙ፤ መሐል ላይ ቢያልቅብዎ ከጎረቤት ሱቅ ሮጦ የሚመጣ ምትክ የለውም። የቀድሞው ቪ860 ሁለት የሚጠቀመው ቪቢ18 የተባለውን ባለ 11.1 ቮልት ባትሪ ስለሆነ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማዛወር አይቻልም። ለወራት የማይሠሩበት ከሆነ ባትሪውን ግማሽ ያህል ሞልተው፣ ከፍላሹ አውጥተው፣ ሙቀት በሌለበት ያስቀምጡት። በበጋ የዱባይ መኪና ውስጥ አይተዉት።

ጥያቄ፦ ዓመት ያህል ካልነካሁት ፍላሽ ውስጥ ድንጋዩ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አፍስሷል፤ አይበራም። ይድናል? (ከደሴ)

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ከአልካላይን የሚፈሰው ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል ስለሆነ ጓንት ያድርጉ። ድንጋዩን አውጥተው ደረቁን ዱቄት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አራግፉ፤ ፍላሹን ወደ ታች ደፍተው ይሁን፣ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ከዚያ የጥጥ ጫፍ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ ነከር አድርገው የብረት ጫፎቹን ይጥረጉ። የፈሰሰው አልካሊ ስለሆነ አሲድ ያረክሰዋል፤ ትንሽ ቢፈላ አይደንግጡ። ኮምጣጤው በዝቶ ወደ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ ይጠንቀቁ። በውኃ ረጠብ ባለ ጥጥ ደግመው፣ በመጨረሻ በአልኮል ጠርገው አንድ ቀን ክፍት አድርገው ያድርቁት። ብረቱ ከጠቆረ በእርሳስ ላጲስ ያሹት። በአሸዋ ወረቀት አይፋቁት፤ ሽፋኑ ከለቀቀ ይዝጋል።

ካልበራ ለባለሙያ ይስጡት። ካፓሲተሩ ድንጋይ ከወጣ በኋላም 300 ቮልት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ሽፋኑን ራስዎ አይክፈቱ። ለወደፊቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የማይጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዩን ያውጡ፤ በወር አንድ ጊዜ ግን ከትተው ጥቂት ጊዜ ይተኩሱ። ካፓሲተር ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ይደክማል።

ጥያቄ፦ ስምንት ድንጋይ የሚይዝ የውጭ ባትሪ ሳጥን ከፍላሹ ጋር አገናኘሁ፤ የፍላሹን አራት ድንጋይ ሳወጣ ግን አይበራም። ሳጥኑ ተበላሽቷል? (ከመቀሌ)

መልስ፦ አልተበላሸም። ሳጥኑ የሚሞላው ካፓሲተሩን ብቻ ነው፤ ማሳያውና ሌላው ኤሌክትሮኒክስ የሚሠራው በፍላሹ በራሱ ድንጋይ ስለሆነ አራቱን ይመልሷቸው። ሳጥኑ ቶሎ ስለሚሞላ ሳይታወቅ ፍላሹን ማጋል ይመጣል፤ ካነን ለ580ኢኤክስ ሁለት በመመሪያው ያስቀመጠው ልክ 20 ተከታታይ ተኩስ፣ ከዚያ ቢያንስ 10 ደቂቃ ዕረፍት ነው። የፍላሹ የፊት ፕላስቲክ ቢጫ ማለት ወይም መጨማደድ ከጀመረ ልኩ ታልፏል።